ሱቁ ቢዘጋ ላፕቶፑን ማን ይጠግናል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚያነሱት አንድ ጉዳይ ነው፤ ኮምፒውተር ሲሸጥ አብሮ ስለሚሸጠው ተጨማሪ ዋስትና። የጻፉልን ገዢዎች ብቻ አይደሉም። ሻጮችም አሉ፣ ከበድ ያለውን ጥያቄ ያነሱትም እነሱ ናቸው። ስለዚህ ዓምዱን ሙሉ ለዚሁ ሰጥተነዋል። የመጀመሪያው መልስ ረዘም ይላል፤ የሌሎቹም መነሻ ስለሆነ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ትንሽ የኮምፒውተር ሱቅ አለኝ። አዲስም ያገለገለም ላፕቶፕ እሸጣለሁ፣ እጠግናለሁም። ደንበኞቼ አብዛኞቹ የኛው ሰዎች ናቸው። ከዋጋው ቀጥሎ የሚጠይቁኝ ስለ ዋስትናው ነው። እስካሁን በራሴ ደረሰኝ ላይ “የአንድ ዓመት ዋስትና” ብዬ እየጻፍኩ ትንሽ ገንዘብ አስጨምራለሁ። አንድ ጓደኛዬ ይሄ አደገኛ ነው፣ በኢንሹራንስ የተደገፈውን ብትሸጥ ይሻልሃል አለኝ። እውነት ነው? ከሆነስ እንዴት ይጀመራል?

መልስ፦ ጓደኛዎ ልክ ነው። ግን ለምን ልክ እንደሆነ ማወቅ አለብዎት። ካላወቁት ስሙ ብቻ የተቀየረ ወረቀት ይዘው እዚያው ችግር ውስጥ ይቀራሉ።

ከገንዘቡ እንጀምር። ለምሳሌ በዓመት 60 ላፕቶፕ ከነዋስትናው ሸጡ እንበል፣ ለዋስትናው ከእያንዳንዱ ደንበኛ 80 ዶላር ተቀበሉ። 4,800 ዶላር ሆነ። ይህ ገንዘብ በተቀበሉበት ቀን ትርፍ ይመስላል። አይደለም። የመጨረሻው ደንበኛ ዓመቱ እስኪሞላው ድረስ ዕዳ ነው። ስድስት ላፕቶፕ ቢበላሽና ለእያንዳንዱ ጥገና 350 ዶላር ቢያወጡ 2,100 ይሄዳል፤ ጥሩ፣ ተረፈዎት። ነገር ግን ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ በጅምላ ነው የሚገዛው። ከአንድ መሥሪያ ቤት የወጣ 30 አንድ ዓይነት ላፕቶፕ ባንዴ ያነሳሉ። የዚያ ሞዴል ማዘርቦርድ፣ ማለትም ሁሉም ክፍል የሚገጠምበት ዋናው ሰሌዳ፣ ችግር ካለበት ደግሞ በአንዱ ብቻ አይቆምም፣ ሃያው በየተራ ይመለስልዎታል። ሃያ ጊዜ 350፣ 7,000 ዶላር። ከሰበሰቡት በላይ ነው፤ ያውም የሰበሰቡት ለሱቅ ኪራይ ካልወጣ።

ኢንሹራንስ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። አሠራሩ ከእድር ብዙም አይርቅም፤ ብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት ያዋጣል፣ የደረሰበት ሰው ብቻውን አይጎዳም። የእርስዎ ሃያ ላፕቶፖች በመቶ ሺዎች ውል መካከል ሲገቡ ማንንም አይጥሉም። በእርስዎ ካዝና ውስጥ ብቻቸውን ሲሆኑ ግን ሱቁን ይዘጉታል።

የሚበላሸው ጥቂት ነው ብለውም አይዘናጉ። ስኩዌርትሬድ የተባለው የአሜሪካ የዋስትና ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ጥናት በሦስት ዓመት ውስጥ 31 በመቶ ያህሉ ላፕቶፕ እንደሚበላሽ ገልጿል፤ 20 በመቶ ገደማው በዕቃው በራሱ ብልሽት፣ ቀሪው ወድቆ ወይም ፈሳሽ ፈስሶበት። ጥናቱ የቆየ ነው፣ ያወጣውም ዋስትና የሚሸጥ ኩባንያ ነው። ያኔ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ በየላፕቶፑ ነበር፣ ዛሬ እየጠፋ ነው። ቢሆንም ቁጥሩ በግማሽ ቢወርድ እንኳ ለትንሽ ሱቅ ከባድ ነው።

ሁለተኛው ሕጉ ነው። በአሜሪካ ከዕቃው ጋር በነፃ የሚመጣ ዋስትናና ተጨማሪ ገንዘብ ተከፍሎበት የሚገዛ የአገልግሎት ውል በሕግ ዓይን የተለያዩ ናቸው። እርስዎ 80 ዶላር ተቀብለው የሚጽፉት ሁለተኛው ነው። ማግኑሰን-ሞስ የሚባለው እ.ኤ.አ. የ1975ቱ ፌዴራል ሕግ ደግሞ ሻጩ ራሱ እንዲህ ያለ ውል ዕቃውን ሲሸጥ ወይም ከዚያ በኋላ ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ከገዢው ጋር ከገባ፣ ሳይጻፍም ሕጉ ለገዢው የሚሰጠውን ዋስትና መሰረዝ አይችልም ይላል። ደረሰኙ ላይ “ባለበት ሁኔታ የተሸጠ” ብለው ቢያትሙም ዋጋ የለውም። የሌላ ኩባንያን ውል እንደ ወኪል ሆነው ብቻ ሲሸጡ ግን፣ በራስዎ ስም የጽሑፍ ዋስትና እስካልሰጡ ድረስ፣ ክልከላው አይነካዎትም። ያገለገለ ዕቃ ለሚሸጥ ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። (ድልድዩን ተሻግረው ሜሪላንድ ቅርንጫፍ ለመክፈት ካሰቡ ግን ልብ ይበሉ፤ እዚያ የስቴቱ ሕግ ለሸማች የሚሸጥ ዕቃ ላይ “ባለበት ሁኔታ” የሚለውን ማምለጫ ከነጭራሹ አይቀበልም።)

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በኢንሹራንስ የተደገፈ ዋስትና ሲባል ማን ምን ይሠራል? ገዢው አለ። ውሉን የሚሸጠው ሱቅ አለ። “ዕቃው ቢበላሽ እኔ አስጠግናለሁ” ብሎ በውሉ ላይ ስሙ የሰፈረ ኩባንያ አለ፤ ባለግዴታው እሱ ነው። ከባለግዴታው ጀርባ መድን ሰጪው አለ። ስልክ የሚያነሳ፣ ጥገና የሚያዝ፣ ዕቃ ለውጦ የሚልክ አስተዳዳሪም አለ፤ ብዙ ጊዜ ባለግዴታውና አስተዳዳሪው አንድ ኩባንያ ናቸው። ገዢው ከእነዚህ ሁሉ የሚያውቀው እርስዎን ብቻ ነው። ቅሬታውን ይዞ የሚመጣውም እርስዎ ጋ ነው፤ ስለዚህ ከጀርባዎ ያለውን ሰንሰለት ከእሱ በፊት እርስዎ ማወቅ አለብዎት።

ለስቴቶች መነሻ እንዲሆን የአሜሪካ የመድን ተቆጣጣሪዎች ማኅበር ያዘጋጀው ሞዴል ሕግ ባለግዴታው ከሦስቱ አንዱን እንዲያሟላ ይጠይቃል። ወይ ግዴታውን የሚሸፍን የመድን ፖሊሲ ይገዛል። ወይ ከውሎቹ ከሰበሰበው ገንዘብ ላይ የከፈለው ካሳ ተቀንሶ ቢያንስ 40 በመቶውን በመጠባበቂያ ያስቀምጣል፣ በዚያ ላይ ለተቆጣጣሪው መያዣ ያስይዛል። ወይ 100 ሚሊዮን ዶላር የተጣራ ሀብት እንዳለው ያሳያል። ሦስተኛው የግዙፎቹ ነው። ሁለተኛው የትንሽ ሱቅን እጅ ያስራል። ለእርስዎ ዓይነቱ የሚሆነው የመጀመሪያው ነው። በዚሁ ሞዴል ሕግ መሠረት ገዢው መበላሸቱን አስረድቶ ባለግዴታው በ60 ቀን ውስጥ ካልፈጸመለት ቀጥታ መድን ሰጪውን መጠየቅ ይችላል። ሱቁ ቢዘጋም፣ ባለግዴታው ቢከስርም፣ የሚጠየቅ አካል አለ። ገዢው ገንዘቡን የሚከፍለውም ለዚህ ነው።

ሰርኪት ሲቲ የተባለውን የአሜሪካ የኤሌክትሮኒክስ መደብር ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2008 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፣ በማርች 2009 የመጨረሻዎቹ መደብሮቹ ተዘጉ። ከዚያ ሱቅ የተራዘመ ዋስትና የገዙ ሰዎች ብራችን ተበላ ብለው ነበር። ዋስትናውን የያዘው ግን አሹራንት የተባለ የመድን ኩባንያ ስለነበር ውሉ ከሱቁ ጋር አብሮ አልሞተም። ሱቁ ራሱ ባለግዴታ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ሰዎች ከሌሎች አበዳሪዎች ኋላ ተሰልፈው የኪሳራ ፍርድ ቤት ይጠብቁ ነበር። መድን ሰጪውም ራሱ ሊወድቅ እንደሚችል አይርሱ፤ ሪላያንስ ኢንሹራንስ የተባለው የፔንሲልቬንያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሒሳቡ ተጣርቶ እንዲፈርስ ተደርጓል። ስለዚህ የመድን ሰጪውን ስም ጠይቀው የመድን ኩባንያዎችን የገንዘብ አቅም የሚመዝነው ኤ.ኤም. ቤስት የሰጠውን ደረጃ ያረጋግጡ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

እንዴት ይጀመራል ላሉት፣ ቀጥታ ወደ መድን ኩባንያ አይሂዱ። ለ60 ላፕቶፕ ጊዜ አይሰጥዎትም። የሚሄዱት ከመድን ሰጪ ጋር አስቀድሞ ወደተዋዋለና ለትናንሽ ሱቆች ፕሮግራም ወዳለው አስተዳዳሪ ኩባንያ ነው። ከመፈረምዎ በፊት ምዝገባውን ይጠይቁ። ቨርጂኒያ ውስጥ ባለግዴታዎች የሚመዘገቡት በስቴቱ የእርሻና የሸማቾች አገልግሎት መሥሪያ ቤት ነው፤ ሜሪላንድ ደግሞ በጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ ሥር ባለው የሸማቾች ጥበቃ ክፍል።

ከዚያ ውሉን ቁጭ ብለው ያንብቡ። መጀመሪያ የሚፈልጉት ባለግዴታው ማን እንደሆነ ነው። የእርስዎ ሱቅ ስም እዚያ ቦታ ላይ ከሰፈረ ምንም የተለወጠ ነገር የለም፤ አደጋው ያው እርስዎ ጋ ነው። አንዳንድ ፕሮግራም ሱቁን ባለግዴታ አድርጎ ከጀርባው መድን ያስገባለታል። ይህም ይሠራል፣ ግን መድኑ ከመጀመሪያው ዶላር ጀምሮ ይከፍላል ወይስ እርስዎ ሲከስሩ ብቻ ነው የሚመጣው ብለው ይጠይቁ። ሁለተኛው ዓይነት ገዢውን ያድናል፣ እርስዎን ግን አያድንም።

ያገለገለ ዕቃ ይሸፍናል? ይህን በቃል አይመኑ። ብዙ ፕሮግራሞች አዲስ ወይም በታወቀ አዳሽ የታደሰ ዕቃ ብቻ ይቀበላሉ፣ በሽያጩ ቀን ሲሪያል ቁጥሩ እንዲመዘገብም ይፈልጋሉ። ሲሪያሉ ካልተመዘገበ ካሳ የለም።

ጥገናውን ማን ይሠራል? እዚህ ላይ አጥብቀው ይደራደሩ። እርስዎ የጥገና ጠረጴዛ ያለዎት ሰው ነዎት። አስተዳዳሪው ሱቅዎን እንደ ጥገና ጣቢያ መዝግቦ የእጅ ዋጋና መለዋወጫ እንዲከፍልዎት ይጠይቁ። እስካሁን ከኪስዎ እያወጡ የሚሠሩትን ጥገና ከዚያ በኋላ ተከፍሎዎት ይሠሩታል፤ ደንበኛውም ዕቃውን በፖስታ ሌላ ስቴት ልኮ ሳምንታት ከሚጠብቅ እርስዎ ጋ ጥሎት ይሄዳል። ለኔ የዚህ ሥራ ትልቁ ጥቅም ውሉን ሲሸጡ የሚከፈልዎት ኮሚሽን አይደለም፣ ይህ ነው።

ስለ ኮሚሽኑም አንድ ነገር። በሞዴል ሕጉ ገዢው ውሉን እጅ በእጅ ከተቀበለ በ10 ቀን፣ በፖስታ ከተላከለት በ20 ቀን ውስጥ፣ ካሳ ካልጠየቀበት፣ ሰርዞ ሙሉ ገንዘቡን ማስመለስ ይችላል፤ አንዳንድ ስቴቶች ቀኑን ያራዝሙታል። ያኔ ኮሚሽኑም ከእርስዎ ይመለሳል። ስለዚህ በማግስቱ አያጥፉት።

የሚቀጥለውን ግን በትልቁ ይጻፉት፦ ከደንበኛ የተቀበሉትን የዋስትና ገንዘብ በሌላ ሒሳብ ያስቀምጡ፣ በውሉ በተባለው ቀን ለአስተዳዳሪው ያስተላልፉ። ሽያጭ የቀዘቀዘ ወር ላይ ለደመወዝ ልበደረው የሚል ሐሳብ ይመጣል። በሞዴል ሕጉ ገዢው ከከፈለ መድን ሰጪው ዓረቦኑን፣ ማለትም የመድኑን ክፍያ፣ እንደተቀበለ ይቆጠራል፤ ገዢው አይጎዳም፣ መድን ሰጪው ግን ዞሮ እርስዎን ይጠይቃል። እንዲህ ባለ ጉዳይ ስም አንዴ ከጠፋ የሚያስገባዎት ሌላ ፕሮግራም አያገኙም።

እስካሁን በራስዎ ደረሰኝ የሸጧቸው ዋስትናዎች ደግሞ አይሻሩም። ዝርዝራቸውን ያውጡ፣ የሚያበቁበትን ቀን ይጻፉ፣ ገንዘብ ለይተው ያስቀምጡላቸው።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ትልቅ የኤሌክትሮኒክስ መደብር ውስጥ እሠራለሁ። ከላፕቶፕ ጋር ፕሮቴክሽን ፕላን እንድሸጥ በየሳምንቱ ኮታ አለብኝ። የኛ እናቶች ለልጆቻቸው ሊገዙ ሲመጡ ግን እያስገደድኳቸው ይመስለኛል፣ ልቤ አይፈቅድም። ነገሩ ለገዢው ጭራሽ የማይጠቅም ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ለአንዳንዱ በጣም ይጠቅማል፣ ለአንዳንዱ ብር መጣል ነው። ለማን እንደሚጠቅም ለይተሽ ከነገርሽ ማንንም አላስገደድሽም።

የሚጠቅመው ላፕቶፑን በየቀኑ በቦርሳ ይዞ ለሚዞር ተማሪ ነው፣ በተለይ ቤተሰቡ ሌላ 900 ዶላር ባንዴ ማውጣት የማይችል ከሆነ። የማይጠቅመው ደግሞ ከጠረጴዛ ለማይነሳ የ300 ዶላር ኮምፒውተር ነው። ገዢዋ የምትከፍልበት ክሬዲት ካርድ የፋብሪካውን ዋስትና በአንድ ዓመት የሚያራዝም ከሆነም አስቀድማ ካርዷን ትጠይቅ፤ አንዳንድ ካርዶች ይህን በነፃ ያደርጋሉ።

እናትየዋ ከመክፈሏ በፊት ሦስት ነገር በአማርኛ ንገሪያት። አንደኛ፣ ወድቆ መሰበርና ፈሳሽ መፍሰስ ውስጡ አለ ወይስ የለም? ብዙ ሰው አለ ብሎ ገዝቶ የለም ይባላል። ሁለተኛ፣ ሲበላሽ ከኪሷ የምትጨምረው አለ? ለምሳሌ አፕል ራሱ በሚሸጠው ተጨማሪ ዋስትና፣ በአፕልኬር ፕላስ፣ ውስጥ ለማክ ስክሪን መሰበር 99 ዶላር፣ ለሌላ የአደጋ ጉዳት 299 ዶላር ይከፈላል። ሦስተኛ፣ ሁለት ዓመት ሲባል ከመቼ ጀምሮ ነው? የመጀመሪያው ዓመት የፋብሪካውም ዋስትና ያለበት ከሆነ ለብልሽት የምትከፍለው ለአንድ ዓመት ብቻ ነው።

ባትሪውንም አትርሺ። ባትሪ በጊዜ ብዛት ሲደክም ብዙ ውሎች አይቀበሉትም፤ አፕልኬር ፕላስ አቅሙ ከ80 በመቶ በታች ሲወርድ ይቀይራል። የልጁ ፎቶና የትምህርት ሥራ ግን በየትኛውም መደበኛ ፕላን እንደነበረ አይመለስም፣ ኮፒ ያስቀምጥ በያት። እንዲህ ነግረሻቸው የሚገዙት ሰዎች አይሰርዙም። የተሰረዘ ውል ደግሞ ኮታሽንም አይጠቅም።

ጥያቄ፦ ከሲያትል ነው። አዲስ አበባ ላለች እህቴ ላፕቶፕ ልገዛላት ነው። ሱቁ የሦስት ዓመት ዋስትና በ150 ዶላር ጨምር አለኝ። ልጨምር?

መልስ፦ አትጨምር። የአሜሪካ ሱቆች የሚሸጡት ፕላን ባብዛኛው የሚሠራው እዚያው አሜሪካ ውስጥ ነው። ዕቃው ሲበላሽ የሚላከው የፖስታ ሳጥን ለአሜሪካ አድራሻ ነው የሚመጣው። እህትህ ላፕቶፑን ለመንገደኛ ሰጥታ፣ አንተ ልከህ፣ ተጠግኖ ሲመለስ ደግሞ ሌላ መንገደኛ ፈልገህ፣ ሴሚስተሩ ያልቃል።

ከመደብሩ ይልቅ የአምራቹን ዋስትና እይ። ሌኖቮ ለብዙዎቹ ቲንክፓድ ሞዴሎች ከአገር አገር የሚሄድ ዋስትና አለው፤ ዕቃው በሚሸጥበትና አገልግሎት በሚሰጥበት አገር ነው የሚሠራው። ዴል ደግሞ ኮምፒውተሩ አገርና ባለቤት ሲቀይር የዋስትናውን ምዝገባ ለማዛወር ማመልከቻ አለው። ማመልከቻው ሳይሞላ ላፕቶፑ ከሄደ እህትህ በስልክ መከራዋን ታያለች። ከመግዛትህ በፊት የሞዴሉን ቁጥር ይዘህ ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራል ወይ ብለህ አምራቹን በጽሑፍ ጠይቅ።

የላፕቶፕ ቻርጀር አብዛኛው ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ችግር የለውም። ዴስክቶፕ የምትልክ ከሆነ ግን ከኋላው ያለውን ፓወር ሰፕላይ እይ። አንዳንዱ ላይ 115 እና 230 የሚል ትንሽ መቀየሪያ አለ፤ 115 ላይ እንዳለ አዲስ አበባ 220 ላይ ከተሰካ ያን ቀን ይቃጠላል፣ ይህንን የሚሸፍን ዋስትና ደግሞ የለም። በ150 ዶላሩ ትርፍ ቻርጀርና ጥሩ ስታቢላይዘር ግዛላት። መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚጎዳውን ዕቃ ብዛት አንተም ታውቀዋለህ።

ጥያቄ፦ ፍራንክፈርት ነው የምኖረው። ላፕቶፕ ስገዛ ሻጩ የሁለት ዓመት ኢንሹራንስ ካልገዛሽ ሲበላሽ እኛ አንጠየቅም አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሻጩ ራሱ ቢያንስ ለሁለት ዓመት በሕግ ይጠየቃል፣ ተጨማሪ ሳትከፍዪ። ጀርመን ውስጥ ከጃንዋሪ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተሸጠ ዕቃ ላይ ጉድለቱ በመጀመሪያው ዓመት ከታየ ከመጀመሪያውም እንደነበረ ይቆጠራል፤ አልነበረም የሚል ሻጭ ማስረዳት ያለበት እሱ ነው። ከዓመት በኋላ ማስረዳቱ ወደ አንቺ ይዞራል። ስዊድን ላላችሁ ደግሞ ጊዜው ሦስት ዓመት ነው። ስለዚህ ኢንሹራንሱ የሚጨምርልሽ ነገር ካለ አደጋና ስርቆት ነው። እሱን ከፈለግሽ ለእሱ ክፈዪ፣ በሕግ ላለሽ መብት ግን ሁለተኛ አትክፈዪ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ፣ መገናኛ አካባቢ ላፕቶፕ እሸጣለሁ። ውጭ አገር ሱቆች በኢንሹራንስ የተደገፈ ዋስትና እንደሚሸጡ ሰምቻለሁ። እኔም ከደንበኛ ትንሽ ብር ተቀብዬ እንዲህ ያለ ነገር ብጀምር ያዋጣል? ሕጉስ?

መልስ፦ ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ መንገዱ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

መጀመሪያ የማይደረገውን። በመድን ሥራ አዋጅ ቁጥር 746/2004 መሠረት ያለ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ የመድን ሥራ መሥራት አይቻልም። ስለዚህ “ኢንሹራንስ” ብለው ገንዘብ እየሰበሰቡ ስርቆትንና አደጋን በራስዎ እሸፍናለሁ ማለት አይችሉም። የመድን ኩባንያ ወኪል ሆኖ ለመሸጥም ፈቃድ ያስፈልጋል።

ለሸጡት ዕቃ ጉድለት ግን ሻጭ በመሆንዎ ብቻ ተጠያቂ ነዎት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ የገዛው ዕቃ ጉድለት ካለበት፣ ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል፣ የተሻለ ዋስትና ከሰጡትም እሱ ይጸናል። የስድስት ወር ወይም የአንድ ዓመት ጋራንቲ በጽሑፍ መስጠት ይችላሉ ማለት ነው። በጽሑፍ የምለው “ጋራንቲ አለው” የሚለው የቃል ነገር መጨረሻው ጭቅጭቅ ስለሆነ ነው። ምን እንደሚሸፍን፣ ምን እንደማይሸፍን፣ እስከ መቼ እንደሆነ በአንድ ገጽ አማርኛ ይጻፉት።

የኛ አገር ትልቁ አደጋ ግን የብልሽቱ ብዛት አይደለም፣ የመለዋወጫው ዋጋ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ሲቀየር 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት ሰኔ ላይ የአንድ ዓመት ጋራንቲ የሰጠ ነጋዴ ስክሪንና ማዘርቦርድ የሚያመጣው በአዲሱ ዋጋ ነው፣ ከደንበኛው የተቀበለው ደግሞ በድሮው። ስለዚህ ጽሑፍዎ ላይ ጣሪያ ያስቀምጡ፤ የጥገናው ወጪ ደንበኛው ዕቃውን ከገዛበት ዋጋ አይበልጥም፣ ከበለጠ ገንዘቡ ይመለሳል ብለው። ይህ ለደንበኛውም ግልጽ ነው፣ እርስዎንም ከውድቀት ይጠብቃል። ለጋራንቲው ብለው ያስቀመጡትን ከፊሉን ደግሞ በብር ከመያዝ ቶሎ ቶሎ የሚበላሹትን ክፍሎች ገዝተው ያስቀምጡ።

ከዚህ አልፎ መድን ከፈለጉ፣ በኢንጂነሪንግ መድን ክፍል ሥር የኤሌክትሮኒክ ዕቃዎች መድን የሚባል ሽፋን አለ። እሳትን፣ ስርቆትን፣ ድንገተኛ ጉዳትን ያያል፤ በአገልግሎት ብዛት ማርጀትንና አምራቹ የሚጠየቅበትን ጉድለት አያይም። በልማድ የሚገዙት መሥሪያ ቤቶች ናቸው። የእርስዎ ሐሳብ ሊሆን የሚችለው እንዲህ ነው፦ ጉድለቱን እርስዎ በጋራንቲ ይይዛሉ፣ ስርቆቱንና አደጋውን ደግሞ አንድ የመድን ኩባንያ በሱቅዎ በኩል ለሚገዙ ደንበኞች በቡድን ውል እንዲሸፍን ይደራደራሉ። ፖሊሲውን የሚሰጠው እሱ ነው፣ ካሳውን የሚከፍለውም እሱ ነው፤ በደንበኛው እጅ የሚገባው ወረቀት ላይም የእሱ ስም መስፈር አለበት።

ብቻዎን ከሚሄዱ ከአካባቢዎ ካሉ ሱቆች ጋር ተስማምተው ቢሄዱ ይሻላል። የአንድ ሱቅ ሽያጭ ለመድን ኩባንያ ትንሽ ነው፣ የአሥር ሱቅ ግን ያነጋግራል። ስትሄዱ መዝገብ ይዛችሁ ሂዱ፦ ስንት ሸጣችሁ፣ ስንቱ ተመለሰ፣ በምን ምክንያት፣ ጥገናው ምን ያህል ወጣ። የሚጠይቋችሁ ይህንኑ ነው፣ ያለ እሱ ዓረቦኑን ማስላት አይችሉም። መዝገብ ከሌለዎት ከነገ ጀምሮ በአንድ ደብተር ይጀምሩት።